በውክልና የተቀዳ ደም

በ1965 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ለተማርያም እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። የግቢውን በር ከፈተች፤ ውሃ ጣደች፤ ሻይ አፈላች። ባሏ ጠበቃ ለገሠ ጢሙን እየተላጨ፣ በችሎት የሚናገረውን ለመስተዋቱ ይናገር ነበር። መስተዋቱ መልስ ስላልሰጠው ረታው። ከዚያ አንድ ዳቦ ተቀምጦ፣ አንድ ዳቦ ቆሞ በላ።

ጎረቤታቸው ዘውዴ የገባው ይኼኔ ነው። ዘውዴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከእነ ለገሠ ጋር ጀጎል ውስጥ አንድ አጥር ለይቷቸው ሃያ ዓመት ኖረዋል። ከመስከረም ጀምሮ ግን ጉበቱ አብጦ ቀኝ ጎኑን ያመዋል። ሐኪሙ፣ «ወይ መግል ነው፤ እሱ ይድናል። ወይ ደግሞ ካንሰር ነው» ብሎታል። ሁለቱን የሚለይ አዲስ የደም ምርመራ መጥቷል። ደሙ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ እንደ ሙጫ በረጋ ነገር ላይ ይንጠባጠባል። የጉበት ካንሰር ወደ ደም የሚለቀው ነገር ካለበት ነጭ መስመር ይሠራል፤ ከሌለበት አይሠራም። ዘውዴ ግን እስካሁን ደሙን አልሰጠም።

«ማክሰኞ ሄጄ ነበር» አለ ዘውዴ ወንበር እየሳበ። «መርፌዋን ገና ከበር ሆኜ ሳያት እግሬ ይዞኝ ተመለሰ።»

«አንተ! የዓለምን ተራራ ሁሉ በካርታ ስትወጣ የኖርክ ሰው!» አለው ለገሠ።

«ካርታ ላይ መርፌ የለም።»

«ገላነሽስ ምን አለች?» ስትል ለተማርያም ስለ ሚስቱ ጠየቀችው።

«የምርመራውን ወረቀት ካላየሁ ጠግቤ አልበላም ብላለች። እንዲህ ከቀጠለች እኔን ትቀድመኛለች።»

ለገሠ አፉን ጠረገና ለችሎት እንደሚቆም ሰው ኮቱን ቆለፈ። «እኔ ምን ሠርቼ ነው የምኖረው? ሰው መቅረብ ሲያቅተው ስለ እሱ እቀርባለሁ። ውክልና ስጠኝ።»

«ለደም?»

«ለደም። የሆስፒታል ካርድህንም አምጣ።»

«አንተ ሰውዬ» አለች ለተማርያም፣ «ሐኪሙ ባንተ ደም ቢሳሳትስ?»

«የመግሉን መድኃኒት እንደሆነ ጀምሮለታል። ገላነሽ ወረቀቷን አይታ ትብላ። እሱም እስከዚያ ድፍረቱን ይሰብስብና በእግሩ ይሄዳል።»

መከልከል ነበረባት። ነገር ግን ዘውዴ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ፣ «በስሜ ቀርቦ ደም እንዲሰጥ፣ ካስፈለገም እንዲጮህልኝ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ሲፈርም ሳቅ አፈናት። ምስክር ያስፈልጋል ሲሏት እሷም ፈረመች።

ለገሠ በምሳ ሰዓት ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ደም የምትቀዳው አስቴር፣ «አባባ፣ ደም ሥርዎ እንደ ጎረምሳ ነው» ብላዋለች። ይህን ወሬ እስከ ማታ አራት ጊዜ ደገመው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የገላነሽ ጩኸት አጥሩን ተሻግሮ ተሰማ። ወዲያው ዘውዴ ወረቀት ይዞ ገባ፤ ሳይቀመጥም ለለገሠ ዘረጋለት።

«መስመር አለ» አለ።

ለገሠ አነበበው። «ስሙ ያንተ ነው።»

«ስሙማ የእኔ ነው። ደሙ...»

ለተማርያም ባሏን አየችው፤ ባሏ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ያይ ነበር። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

«ይግባኝ እንላለን» አለ ለገሠ።

«ነገ ሦስታችንም እንሄዳለን» አለች ለተማርያም።

ለሐኪሙ ሁሉንም የነገረችው እሷ ናት። ሐኪሙ በመጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ ለገሠን አስተኝቶ ሆዱን ሲዳስስ ቁጣውን ተወው፤ ዳሰሳውም ረዘመ። ደም መቀጃው ክፍል ውስጥ አስቴር ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ለመሆኑ አቶ ዘውዴ የትኛችሁ ናችሁ?»

«እኔ ነኝ፤ እሱ የቀድሞው ነው» አለ ዘውዴ።

«ዛሬ መታወቂያ ሳላይ ማንንም አልወጋም። ይኼ ሆስፒታል ነው፣ ቲያትር ቤት አይደለም!»

ዘውዴ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ። መርፌው ሲገባ ዓይኑን ከለገሠ ላይ አልነቀለም፤ አልወደቀምም።

«ጎበዝ!» አለው ለገሠ። «ከቻልክ ወኪሌ ሁንና የእኔንም ስጥልኝ።»

ዘውዴ አልሳቀም።

የሁለቱም ውጤት በአንድ ቀን መጣ። በዘውዴ ደም ላይ መስመር አልነበረም። ያበጠው መግል ነበር፤ በረጅም መርፌ ተቀዳለት፤ ገላነሽም ጠግባ በላች። በለገሠ ደም ላይ ግን መስመሩ እንደገና ወጣ፣ ከፊተኛው ጎልቶ። ሐኪሙ ለተማርያምን አስቀምጦ፣ ምርመራው ሕመሙ ሳይሰማ አስቀድሞ እንደ ተናገረ፣ ነገር ግን እብጠቱ በጉበቱ በሁለቱም በኩል ስላለ ተቆርጦ እንደማይወጣ ነገራት። እሷም አመስግናው ወጣች።

ለገሠ እስከ ሚያዝያ ፈረስ መጋላ ወዳለው ቢሮው ተመላለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ባለጉዳዮች አልጋው ድረስ ይመጡ ጀመር። ዘውዴ ከአጠገቡ አልጠፋም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልቡ አልችል አለና፣ «የእኔን በሽታ ነው የወሰድክብኝ» ብሎ አለቀሰ።

«አትኩራራ!» አለው ለገሠ። «ያንተ መግል ነው። ይኼ የራሴ ነው።»

ለተማርያም ጓዳ ሆና ሰማች፤ ሁለቱ ሲሳሳቁም ሰማች። የያዘችውን ሰሃን አጥባ ስትጨርስ እንደገና አጠበችው።

ለገሠ ሰኔ ሃያ ቀን ሞተ። ዘውዴ ዛሬ ደህና ነው፤ መርፌም አይፈራም። ለተማርያም ቤት ውስጥ ግን የሚከራከራት ሰው የለም።