የከረጢት ቂጥ

አምቡላንስ ነጂው ያደገው አክስቱ ዘንድ ነው። አክስቱ ጡረታ እስክትወጣ ፈረንሳይኛ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ዘመድ አዝማዱ «ደግሞ ለማን ልታወሪው?» እያለ ቢቀልድባትም ንቅንቅ አላለችም። ልጁን እንግሊዝኛ ስታስጠናው አንዳንድ ቃል ላይ ትቆምና፣ ፈረንሳይ የአባቷ ርስት ይመስል፣ «ይኼ እንኳ የኛ ነው» ትለዋለች። ‹ሜኑ› የኛ፣ ‹ባሌት› የኛ። ኋላ ሥራ ሲይዝም «ሾፌርም አምቡላንስም የኛ ነው፤ በርታ!» ብላ መረቀችው።

ገና ተማሪ ሳለ አንድ ቀን ‹ከልደሳክ› የሚል ቃል ገጠማቸው።

«‹ሳክ› ከረጢት ነው» አለችው።

«‹ከል›ሳ?»

«እንግሊዞቹ አበላሽተውት ነው እንጂ ‹ኩ› ነው የሚባለው።» ዞር ዞር ብላ ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቂጥ ማለት ነው። የከረጢት ቂጥ። እጅህን ብትከት በገባህበት ነው የምትወጣው። እንግሊዞች መውጫ የሌለውን ዝግ መንገድ እንዲህ ይሉታል።»

ልጁ በሳቅ ፈረሰ።

ሃያ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የአምቡላንሱ ሬዲዮ ጮኸ። ስልክ ተቀባይዋ ናት።

«አንዲት የውጭ አገር ሴት ደውላ ነበር። ባሏን ንብ ነድፎት ጉሮሮው አብጧል፤ መተንፈስ አቅቶታል። ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ ‹ከልደሳክ› ነው ያለነው ትላለች። እንዲህ የሚባል ቦታ ካርታው ላይ የለም! ስልኩም ተቋረጠ።»

«ሆቴል ይሆን እንዴ?» አለች አብራው ያለችው ነርስ።

«ምን ሆቴል፣ ቂጥ ነው እንጂ!» አለ ነጂው መሪውን እየጠመዘዘ። ነርሷ ያበደ መሰላት።

ከመጋገሪያው ጀርባ ሦስት መንገዶች አሉ። ሁለቱ ያሳልፋሉ፤ ሦስተኛው ግንብ ጋ ይቆማል። ነጂው ሳያመነታ ወደ ሦስተኛው ገባ። መጨረሻው ቤት በር ላይ አንዲት ሴት ፎጣ ታውለበልባለች። ባሏ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ነርሷ ጭኑ ላይ መርፌ ወጋችው፤ ኦክስጅን ሰጠችው። ጥቂት ቆይቶ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

«ትንሽ ብንዘገይ አብቅቶለት ነበር» አለች ነርሷ ላቧን እየጠረገች።

በነጋታው ነጂው አክስቱ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም አጫወታት።

«እኔ እኮ በከንቱ የለፋሁ ይመስለኝ ነበር» አለች።

«አክስቴ፣ ያ ሰውዬ ዛሬ ፀሐይ ያየው ባንቺ ነው።» ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። «እኔንም ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። ዕድሜ ይስጥልኝ።»

እሁድ ዕለት፣ ነገሩን ከነጂው የሰሙት ባልና ሚስት ሁለቱን ቤታቸው ጠሯቸው። ሰውዬው የአክስትየዋን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። ሲመለሱ ከመኪናው ልትወርድ ስትል «ተመስገን፣ ደስ ብሎኛል» አለች፤ ቀጥ ብላም ወደ ቤቷ ገባች።