ሽመክት ህንድኛ አያውቅም

ሽመክት ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ይህ ግን መጋላ ሰፈር በነበረ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ማይክ ይዞ የህንድ ፊልም ከማስተርጎም አላገደውም። የተዋናዮቹን ፊት እያየ ንግግሩን ከሆዱ ያወጣዋል፤ ሰዉ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ማንም ነቅቶበት አያውቅም።

ችግሩ አመሉ ቤቱ ድረስ ተከትሎት መግባቱ ነው። ሚስቱ ሃኒ ዝም ስትል «ደስ ብሏታል» ብሎ ይተረጉም ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ተረጎማት። ፍቺ ጠይቃ ፍርድ ቤት ቆማ «አንድ ቀን ምን ሆንሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» ስትል ክው አለ። ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ እራቱን ላፕቶፑ ፊት ብቻውን ይበላል፣ ፊልሙ ሲያልቅ ቤቱ ጭር ይልበታል። ብቸኝነት አንገፍግፎታል።

አሁን ታይዋን በሚባለው ገበያ ስልክ ይጠግናል። ከፋርማሲ ሠራተኛዋ ከወይንሸት ጋር ያገናኘው የሱቅ ጎረቤቱ መሃድ ነው። እሷም ባሏን ፈታለች። እሁድ ከሰዓት ከዚራ ሰፈር አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጡ። ሽመክት የሚያወራው ጠፋው። ሲጨንቀው፣ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማስተርጎም ጀመረ።

«ሰውዬው፣ ‹እናትሽ በመጣች ቁጥር ለምን እኔ ሶፋ ላይ እተኛለሁ› እያለ ነው። እሷ ደግሞ፣ ‹ሶፋውም የእናቴ ነው› አለችው።»

ወይንሸት ትን እስኪላት ሳቀች። ከዚያ ብርጭቆዋን እያየች ዝም አለች።

«አቦ፣ እስቲ እኔን አስተርጉመኝ» አለችው።

‹ወድጄሃለሁ እያልሽ ነው› የሚለው ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«አላውቅበትም። አንቺው ንገሪኝ።»

«ደህና ሰው ነህ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ግን ገና ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም የምሠራው የሁለት ሰው ምሳ ነው። ተርፎ ይደፋል።»

«እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ሁለት ትራስ ነው የማደርገው» አላት። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ባጃጅ አስቆመላት። ገባችና ወደ ጥግ ፈቀቅ አለች፤ አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ተለቀቀ። ስንት ፊልም እዚህ ላይ አልቋል፤ ጀግናው ዘሎ ይገባል፣ ሙዚቃው ይጀምራል። የሽመክት አንድ እግርም ተነስቶ ነበር። መለሰው።

«ልግባ እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«አይ፣ ቦርሳዬን ላስቀምጥ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ባጃጁ ሄደ፣ ሽመክት እዚያው ቆሞ ቀረ። ልቡን አመመው። ቢሆንም አንዲት ሴት የተናገረችውን፣ ከራሱ ምንም ሳይጨምርበት፣ ሲሰማ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።