ሁለተኛዋ «ሳ»

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ፣ እስከ ዛሬ የበላሁት ኬክ ሁሉ እንደ ድንጋይ ሆዴ ላይ ይቀመጥ።

ሰውየው ኬክ ሠሪ ነው። ክሬም የተሞላውን ከረጢት ጨብጦ ኬክ ላይ ሲጽፍ እጁ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም፤ የሚንቀጠቀጠው ሆዱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ቀማሽ» ይሉታል፣ ሳይቀምሰው ከእጁ የሚወጣ ነገር የለማ።

አንድ ቀን ከሥራ ቦታው አንድ ቁራጭ የቸኮሌት ኬክ ይዞ ቤቱ ሲደርስ የሚስቱን ታላቅ እህት ሳሎን ተቀምጣ አገኛት። ኬኩን አላወጣም። ሹልክ ብሎ መኝታ ቤት ገባና ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በታጠፉት አንሶላዎች መሀል ሸጎጠው። ወደ ማምሻው እህትየው በረዳትና ብርድ ልብስ ፍለጋ እጇን ስትሰድ እስከ አንጓዋ ክሬም ውስጥ ገባች።

«አይ ያንቺ ባል!» አለች ለእህቷ፣ እጇን ወደ ላይ እንደሰቀለች። «እኔ እኮ እንግዳ ነኝ እንጂ አይጥ አይደለሁም። ስስታም!»

ሚስቱ ነርስ ናት። ብዙ ጉድ አይታለች፤ ክሬም የበላ አንሶላ ግን አይታ አታውቅም። ከሀፍረቷ ብዛት ቀና ማለት አቃታት። ሻንጣዋን ይዛ ከእህቷ ጋር ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለችና «ከስስታም ጋር አንድ ጣሪያ ስር አላድርም» አለችው። ቀማሽ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት እንዳይል እህትየው ቆማለች፤ እሷ ፊት ይህን ማለት ዳግመኛ መስደብ ነው።

ቤቱ ኦና ሆነበት። ሲጨንቀው ጎረቤቱ ዘንድ ሄደ። ጎረቤቱ ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጡ አራሚ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ላልቶ ጠብቆ» ይላቸዋል፤ እንደምን አደሩ ሲባሉ እንኳ የትኛው ፊደል ላላ፣ የትኛው ጠበቀ ሳይሉ እግዜር ይመስገን አይሉም።

«ጋሼ፣ ስስት ማለት ምንድነው?»

«ሰው ሳህኑን በክንዱ ከልሎ ሲበላ በአፍንጫው የሚያወጣው ድምፅ ነዋ። ስስስስ-ት!»

«ጋሼ በሞቴ፣ ትዳሬ ሊፈርስ ነው!»

«እሺ፣ እሺ። እኔን ከጠየቅከኝ ‹ሳሳ› ከሚለው ነው የመጣው። ሸሚዝ ሲለበስ ሲለበስ ይሳሳል አይደል? ሰውም የሚወደው ነገር ላይ እንደዚያ ነው፤ ባየው ቁጥር የሚቀደድ ይመስለዋል። ለምግብ ሲሆን ነውር፣ ለሰው ሲሆን ፍቅር። አንተ የሳሳኸው ለኬኩ ነው ለሚስትህ?»

ቀማሽ ትንሽ አሰበ። «ለሁለቱም።»

«በል ፍቅርህን ኬክ ላይ ጻፍላት፤ ይህቺን ግን እንዳትጽፋት!»

ቀማሽ አዲስ ኬክ ጋገረና ላዩ ላይ «መሳሳቴ ባንቺ ነው» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ላልቶ ጠብቆ ሲያዩት ጮሁ።

«አንተ ሰው! የመጀመሪያዋ ‹ሳ› ጠብቃ ከተነበበች እኮ ስሕተት ነው የሚሆነው። አንቺን ማግባቴ ስሕተት ነው አልካት! መጥበቅ ያለባት ሁለተኛዋ ናት። ከላይዋ የማጥበቂያ ነጥብ አድርግባት።»

ነጥቧ ቀይ ቼሪ ሆነች።

ቀማሽ ኬኩን ክዳኑ ባልገጠመ ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ እህትየው ቤት ታክሲ ተሳፈረ። መንገድ ላይ ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲዘል ቼሪዋ ተፈናጥራ ወደቀች።

እህትየው ካርቶኑን ከፍታ ጮክ ብላ አነበበች፤ የመጀመሪያዋን «ሳ» አጥብቃ፣ አጥብቃ።

«ሰማሽ? የተሳሳትኩት ባንቺ ነው ይልሻል። ጭራሽ በክሬም!»

የሚስቱ ፊት ጠቆረ። «ይህን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ አይደለም! እትዬ፣ ነጥብ ነበረው!»

«የምን ነጥብ?» አለች እህትየው።

«ቼሪ! ሁለተኛዋ ‹ሳ› ላይ! ስትጠብቅ መሰሰት ነው...» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ቁም ሳጥን የከተትኩትም ላንቺ ነበር። ከሥራ ሁሌ ርቦሽ ነው የምትመጪው።»

«እና ቼሪው የታለ?» አለች ሚስቱ።

ቀማሽን ላብ አጠመቀው። ከሸሚዙ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለች ነገር አወጣ። ቼሪዋ ናት። ግማሿ።

«ግማሿስ?»

ቀማሽ ሶፍቱን አጣጠፈ።

«አንተ! ግማሿስ?»

«መተው አቃተኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «መጨረስም አቃተኝ። ላንቺ ሳሳሁ።»

ሚስቱ ይህን ሰው ታውቀዋለች። ጀምሮ ያልጨረሰውን ምግብ አይታ አታውቅም። ግማሿን ቼሪ ተቀብላ ሁለተኛዋ «ሳ» ላይ አስቀመጠችና ቃሏን እንደገና አነበበቻት፤ መጥበቅ ባለባት ቦታ አጥብቃ።

«ሻንጣዬን ያዝ» አለችው።

«ከነስስቱ?» አለች እህትየው።

«ከነስስቱ።»

«እንግዲያው ኬኩ እዚሁ ይቀራል።»

ቀማሽ ሻንጣውን ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ኬኩን አየው።

እንዳልኳችሁ ሁሉም እውነት ነው። የታክሲው ጉድጓድ ብቻ የኔ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ አስፋልት ነበር፤ ሰውየው አንጀቴን ቢበላኝ እኔ ቆፈርኩለት።