ማህተም የማያርፍበት ወረቀት

ብረት በብረት ላይ ሲመታ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ፤ አረፍ ብሎ እንደገና ሦስት ጊዜ። የሱቁን በር እስከ ጉልበቴ ብቻ ከፍ አድርጌ ውስጥ ወረቀት እየደረደርኩ ስለነበር ማን እንደሆነ አይታይም። ጎንበስ ስል የተወለወለ ጥቁር ጫማ አየሁ። በነሐሴ፣ በገርጂ ጭቃ፣ እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ የሚወጣ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ገብረየስ በቤታቸው ቁልፍ በሩን እየደበደቡ ነበር።

«አንተ ነህምያ! አለህ ወይስ ሞተሃል?»

«አለሁ ጋሼ፤ ይግቡ።»

«በዚህ ቀዳዳ? ድመት አደረግኸኝ?»

በሩን እስከ ላይ ገፋሁላቸው። ጃንጥላቸውን ደጅ ላይ አራግፈው ገቡ።

ጋሽ ገብረየስ የሚኖሩት ሱቁ ካለበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ያለቻቸው አንድ ልጅ ብሩክታይት ናት፤ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቃ መጣች። እኔ ደግሞ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ፣ ከቦሌ አራብሳ እየተመላለስኩ የሀጀርን ፎቶ ኮፒ ቤት ስይዝ ይኸው አራት ዓመቴ። የሰው ሲቪ እጽፋለሁ፣ የሰው ዲግሪ ኮፒ አደርጋለሁ። አንዳንዴ የኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ የተኛውን ስም እያየሁ ባለቤቱ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ሳስብ ወረፋው ይረዝምና ሀጀር ከጀርባዬ ትጮሃለች። «ህልመኛው! ሰው ቆሟል!»

ጋሽ ገብረየስ ከኮታቸው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርገው ፈቱት። የብሩክታይት ቴምፖ ነበር፤ ዋናው ዲግሪ እስኪደርስ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ጊዜያዊ ማስረጃ።

«ይሄንን ላስቲክ አልብስልኝ» አሉ።

«ላሚኔት?»

«እሱኑ። ሰኞ ቦሌ ለሚ ፋብሪካው ይዛው ትገባለች። ዝናቡን ታየዋለህ። አምስት ዓመት ለፍታ ያመጣችውን ወረቀት ውሃ ይጠጣው?»

«እሷ ታውቃለች?»

«ምን ታውቃለች! ላስደስታት ነው እንጂ።»

ማሽኑን ሰካሁት። ቀዩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን አምስት ደቂቃ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ውጭ አገር የሚላክ የትምህርት ማስረጃ ሰነድ ማረጋገጫ ሄዶ ጀርባው ላይ ማህተም ይመታበታል። ላስቲክ ላይ ማህተም አያርፍም፤ ይመልሱታል። እንዲህ ተመልሰው እኔ ጋ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዷ ላስቲኩን በምላጭ ልትልጥ ሞክራ ከነስሟ ነው የተነሳላት። ብሩክታይት ደግሞ ቻይና ለማስተርስ ተቀባይነት እንዳገኘች አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን ያተምኩላት እኔ ነኝ። ጋሽ ገብረየስም ያውቃሉ። ለእሳቸው ግን ሥራ ከተገኘ በኋላ የቻይናው ነገር አልቆለታል።

በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ የተናገርኩት ይሄን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ማህደር ውስጥ ብናስገባውስ?»

«ማህደር አፉ ክፍት ነው» አሉ።

አረንጓዴው በራ። ወረቀቱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል እያብለጨለጨ ወጣ። ጋሽ ገብረየስ ሐኪም ራጅ እንደሚያይ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አይቼ ያልተናገርኩት ልክ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ብሩክታይት ፋብሪካ ከገባች በየማታው በዚህ ደጅ ታልፋለች።

ደብዳቤውን ያተምኩላት ቀን ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ባንኮኒው ላይ በክርኗ ተደግፋ ወረቀቱ ሲወጣ ታያለች።

«ነህሚ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትይዛለህ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው? የማትሪክ ውጤቴን እኮ እዚሁ ነው ያተምኩት።»

ሳቀች። «ለዛ ነው የምጠይቅህ። የተማረ ሰው ስጠይቅ እኮ ሌክቸር ይሰጠኛል።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ጥገና። የልብስ ፋብሪካ ነው። ለኢንተርቪው ስሄድ የካውያው እንፋሎት ቆሞባቸው ነበር፤ ሃያ ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ቧንቧውን ተከትዬ ሄጄ የተዘጋውን ቫልቭ አገኘሁት። እንፋሎቱ ሲመጣ ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ! በሕይወቴ እንደዛ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።»

«በቃ፣ ሥራዬን አገኘሁ አትይኝም!»

«ቆይ። ለምን እንደሚዘጋ ልፈትሽ ስል አለቃው ምን አለኝ መሰለህ? ‹ለምን የሚለውን ተይው እህቴ፤ ማሽኑ ይዙር።›» የወጣውን ደብዳቤ ከማተሚያው ላይ አነሳች። «ማስተርሱ ደግሞ ‹ለምን› የሚለው ብቻ ነው። ሙቀት የት እንደሚጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ሂጂ።»

«ሂጂ ማለትማ ቀላል ነው። ከዛ ስመለስስ? ያንን ሲቪል የተመረቀውን ሙሉአለምን አታውቀውም? ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ከአንተ ሱቅ ደንበኝነት ሌላ ምን አተረፈ? አሁን ራይድ ይነዳል። ይሄ ሥራ ነገ አይገኝም፣ ነህሚ። አባዬም ብቻውን ነው።»

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የቱን እንደምትይዝ ግን አልነገረችኝም።

ላሚኔት ያደረግኩት ሐሙስ ነበር። አርብ ከሰዓት፣ አስር ሰዓት ላይ መጣች። ፀጉሯ በዝናብ ርሷል። ቴምፖውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ላዩ ላይ የዝናብ ጠብታ ነበር፤ ምንም አላደረገውም።

«ሰነድ ማረጋገጫ ሄጄ ነበር» አለች። «አባዬ የሰጠኝን ፖስታ እዚያ መስኮቱ ላይ ነው የከፈትኩት። ሰውየው እጁን እንኳ አልዘረጋም። ከሩቅ አይቶ ‹ቀጣይ!› አለ።»

«ፋብሪካ ልትገቢ አልነበር እንዴ?»

«ለማንኛውም ላስመታው ብዬ ነበር። ሁለቱም በር ክፍት እንዲሆን። አንተ ነህ ያደረግከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማህተም እንደማይመታበት አታውቅም ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «አውቃለሁ» አልኩ።

«ታዲያ?»

«ጋሼ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።»

ትንሽ አየችኝ። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሀጀር ከኋላ ሆና ሰምታ ኖሮ ወጣች። «አንተ ልጅ፣ አላህ ያሳይህ! እኔ ብሆን በዚሁ ማሽን እጅህን ነበር ላሚኔት የማደርገው።» ከዚያ ወደ ብሩክታይት ዞረች። «የኔ እህት፣ ሌላ አይሰጡሽም?»

«ይሰጡኛል። ግን የተበላሸውን ራሴ ይዤ ሄጄ ለሬጅስትራሩ ማስረከብ አለብኝ። ከመገናኛ አልፎ ላምበረት መናኸሪያ አውቶቡስ ይዞ አንድ ቀን መንገድ ነው። ደውዬ ጠየቅኳቸው፤ ከሰኞ ጀምሮ ይቀበላሉ፣ አዲሱ ሳምንት ይፈጃል። ቻይናዎቹ ደግሞ ማህተም የተመታበትን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚፈልጉት።»

«ሰኞ ብትሄጂ ይደርሳል ማለት ነዋ!»

«ሰኞ ፋብሪካው ኦሪጅናሉን ይወስደዋል፣ ሀጁ። ዓመት እስኪሞላኝ የእነሱ ካዝና ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ቦታ እንዳልሄድባቸው። ላስቲክ ቢለብስ ባይለብስ ግድ የላቸውም። ሰኞ ካልገባሁ ደግሞ ተጠባባቂው ይገባል።»

ወረቀቱ አንድ ነው። ሰኞ ወይ ቦሌ ለሚ ነው፣ ወይ ላምበረት።

«ለጋሼ ልንገራቸው?» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልንገራቸውና ይቆጡኝ።»

«እንዳትነግረው!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ አለ። «በእጄ ነው የዘጋሁባት እያለ ዕድሜ ልኩን እንዲያስብ ነው? አልጋው ስር ጫማ ሣጥን ውስጥ ሪፖርት ካርዶቼን ሁሉ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አስቀምጧቸዋል። እንዳትነግረው ነህምያ። ማልልኝ።»

ማልኩላት። ቴምፖውን በእጅጌዋ ጠርጋ ይዛው ወጣች።

ቅዳሜም እሁድም አላየኋትም። እሁድ አራብሳ ቤቴ ተኝቼ ዝናቡን እያዳመጥኩ አንዴ የፋብሪካ ቱታ አልብሻት፣ አንዴ ሻንጣ አስይዣት ዋልኩ። በሁለቱም ውስጥ እኔ ባንኮኒው ኋላ ቆሜያለሁ።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ገብረየስ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጋር መጡ። ብሩክታይት ከኋላቸው ናት፤ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ቦርሳዋን አንግታለች። ሰውየው አቶ ወንድወሰን ናቸው፤ ጋሽ ገብረየስ ሹፌር በነበሩበት መሥሪያ ቤት እስካሁን የሚሠሩ። ፋብሪካው ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ይፈልጋል፤ ጋሽ ገብረየስ ጡረተኛ ስለሆኑ መሆን አይችሉም።

«ለዚህች ልጅ ስል ነው እንጂ» አሉ አቶ ወንድወሰን ወረቀታቸውን ባንኮኒው ላይ እየዘረጉ፣ «መሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ የሚሰጠኝ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የሚስቴ ወንድም ሁለት ዓመት ለምኖኛል። እምቢ አልኩት። አሁን ቤቴ ስገባ ምን እንደሚጠብቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው!»

«ውለታህን በምን እከፍላለሁ» አሉ ጋሽ ገብረየስ።

«ከመጀመሪያ ደመወዟ ክትፎ ትጋብዘኛለቻ። አይደል ብሩክቲ?»

ብሩክታይት ፈገግ አለች።

የዋስትናውን ደብዳቤ ሁለት ኮፒ አነሳሁ፤ መታወቂያቸውንም። የሥራ ውሉን ፋብሪካው በቴሌግራም ልኮላት ስለነበር በሦስት ቅጂ አተምኩ። አቶ ወንድወሰን የዋስ ቦታው ላይ ፈረሙ፤ ረጅም፣ የተጠማዘዘ ፊርማ። ጋሽ ገብረየስ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ እየተጎነበሱ ቀለሙ መድረቁን አዩ።

«በይ እንግዲህ፣ ኢንጂነር» አሉ እስክሪብቶውን እየሰጧት። «ያንቺ ቦታ እዚህ ጋ ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል በሩ ላይ መድረስ አለብን፤ ጎሮ ላይ መንገዱ ይዘጋል።»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ውሉን ከላይ ጀምራ አነበበችው፤ አቶ ወንድወሰን ሰዓታቸውን አዩ። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። እኔን አላየችኝም። እኔ እያየኋት እንደሆነ ግን ታውቅ ነበር።

«ያልገባሽ ነገር አለ?» አሉ ጋሽ ገብረየስ።

«የለም አባዬ።»

«ቴምፖውን ይዘሻል?»

ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸው። እሳቸውም ተቀብለው አንዴ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉትና ለአቶ ወንድወሰን አሳዩዋቸው። «ተመልከት። እኔ ነኝ ያስለበስኩት።»

«ወይ ጉድ! ይሄማ ለልጅ ልጇም ይተርፋል» አሉ አቶ ወንድወሰን።

ጋሽ ገብረየስ ቴምፖውን መለሱላት። በሁለት እጇ ያዘችውና አባቷን አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አይደለም። ከዚያ ወደ ቦርሳዋ መልሳ ዚፑን ዘጋች። ውሉን ባንኮኒው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው፤ ሦስቱንም ቅጂ ጠርዝ በጠርዝ። እስክሪብቶውን ከላይ አደረገችበት። የአባቷን ጉንጭ ሳመች፣ ለአቶ ወንድወሰን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ወጣች።

ደጅ ላይ የቆመ ሚኒባስ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ! የሞላ!» ይላል። ገባችና መስኮቱ ዳር ተቀመጠች።

«ምን ረስታ ነው?» አሉ አቶ ወንድወሰን።

ጋሽ ገብረየስ ውሉን አነሱ። የፊርማዋን ቦታ በጣታቸው ፈለጉት፤ ባዶ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። የማልኩላትን አስቤ እስክሪብቶውን ከባንኮኒው አነሳሁ።

ሚኒባሱ በሩ ሳይዘጋ ጭቃውን እየረጨ ሄደ።