ግርጌ ያለው ገመድ

«ይሄን ድንች ማነው ያመጣው?» አለች ሞራግ፣ ጆንያውን ከደጃፉ እየጎተተች።

አባቷ ሹግ ባልፎር ከሞተ ወዲህ መንደራችን በሙሉ ኬክና ውስኪ ይዞ እየገባ ይወጣል። ለለቅሶ ድንች ያመጣ ግን የለም።

«አስገቢው ባክሽ» አለች አክስቷ ኤፊ፣ ሻይ እየቀዳች። «በየመከሩ ይመጣ የለ እንዴ?»

እውነቷን ነው። ሞራግ ልጅ ሆና ማን እንደሚያመጣው ስትጠይቅ፣ አባቷ ድንቹን እየላጠ «ቀኝ እግሬ» ይላት ነበር። ከዚያም ይስቃል።

ሹግ ያን ቀኝ እግር ኳስ ሲያስነካው አሮጊቶች እንኳ በመስኮት ይንጠለጠሉ ነበር። ሰኞ ለግላስጎው ከተማ ትልቅ ክለብ ሊፈርም፣ ቅዳሜ በጨዋታ ላይ ታም ሎውሪ የሚባል የጎረቤት መንደር ተከላካይ እግሩን ሰበረው። በቃ! ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን በሙሉ ሜዳው ዳር እያነከሰ የከሰል ቆፋሪ ልጆች ሲያሠለጥን ኖረ። እኛም የታምን ስም ሳንረግም አንጠራም።

ከሰዓት በኋላ የቀብር አስፈጻሚው መጣ። እኛ ዘንድ ሬሳ ሳጥኑን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዱት የሟቹ የቅርብ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ገመድ ይይዛል።

«ራስጌ ሞራግ» አለ ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ። «ግርጌ ታም ሎውሪ።»

ወንድሟ ኬኔት ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ምን? የኔን ቦታ ለዚያ እግር ሰባሪ?»

«ሹግ ራሱ ነው የነገረኝ። ‹አንዴ እግሬን አግኝቶታል፣ አሁንም እሱ ይያዘው› ብሎ ሳቀ።»

ኤፊ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «ኧረ ይሄ ሰው! ሞቶም ይቀልዳል!»

«መቃብሩ አጠገብ ድርሽ ቢል ገፍትሬ ነው የምጥለው» አለ ኬኔት። «ምረጪ ሞራግ። እሱ ካለ እኔ የለሁም።»

ሞራግ ግን ጆንያውን እያየች ነበር። አባቷ ድንቹን «ቀኝ እግሬ» ያመጣዋል ይል የነበረው ነገር እንቅልፍ ነሳት። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጎረቤት መንደር ሄደች።

ታም ሎውሪን መደብ ሲቆፍር አገኘችው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው። ሲያያት ደነገጠ።

«ድንቹ ተበላሽቶ ነው?»

«ድንቹ ደህና ነው። ለምን እንደሚልኩት ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

አካፋውን ተደገፈ። «እግሩን የሰበርኩት ጊዜ ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ‹ኳስ አቁሜያለሁ› ስለው ነው ጭራሽ የጦፈው። ‹አንድ ተጫዋች ማጥፋትህ አነሰህና ሁለት ልታደርገው?› አለኝ።»

«ታዲያ ተመለሱ?»

«በምን ዓይኔ! ድንች ተክዬ በየመከሩ ላኩለት። እሱ ግን ባዶውን ጆንያ ሲመልስ፣ በየዓመቱ ውስጡ አዲስ የኳስ ጫማ ማሠሪያ አገኛለሁ። አንዱንም አላሠርኩትም።»

ሞራግ ስለ ገመዱ ነገረችው። ሽማግሌው እጆቹን አየ።

«ይንቀጠቀጣሉ፣ ልጄ። ብጥለውስ?»

«አንዴ ጥለውት ተነስቷል» አለችው።

ማታውን ለኬኔት የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። ኮቱን አንስቶ ወጣ። በቀብሩ ዕለት ግን መጣ፤ ፊቱ ተኮሳትሯል። ሞራግ ሦስተኛውን ገመድ ሰጥታው ራስጌ ቆመች፤ ልቧ ግን ግርጌ ነበር። ታም እዚያ ገመዱን በሁለት እጁ አንቆ ቆሟል። መንደርተኛው ያጉረመርማል። ሳጥኑን ሊያነሱ ሲሉ ኬኔት ገመዱን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

ሞራግ «ኬኔት!» ልትል አፏን ከፈተች።

ከታም ጥቁር የቀብር ጫማ ላይ አዲስ ነጭ የኳስ ጫማ ማሠሪያ ተፈትቶ ጭቃው ላይ ይጎተት ነበር።

ኬኔት ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ ዙሪያውን አዙሮ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ አሠረለት።