ጭቃው የእኔ ነው

መካነ ሰላም ቤት ስፈልግ በየበሩ የምጠየቀው አንድ ዓይነት ነበር። «ላጤ ነህ ወይስ ባለትዳር?» ባለትዳር ነኝ ስል በሩ ይጠባል። «ልጅ አለህ?» አለችኝ ስል ይዘጋል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አራት ነው። ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ሥራ ተጀምሮ ሰው ከየአቅጣጫው ጎርፏል። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ «ልማት ደጃችሁ ድረስ መጣላችሁ» ብሎን ነበር። ልማቱስ መጣ፤ ደጁ ግን የሰው ነበር። ላማቸውን ወደ ገጠር ልከው በረቱን የሚያከራዩ ሰዎች አየሁ። በአንዱ በረት ሦስት ግንበኞች ይኖሩ ነበር። የላሟ ማሰሪያ ችካል እንኳ አልተነቀለም፤ ልብሳቸውን ሰቅለውበታል።

እኔ የከላላ ልጅ ነኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። በመንገድ ሥራው ካምፕ ጎሚስታ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ የገልባጭ መኪና ጎማ እየፈታሁ እለጥፋለሁ። ዘጠኝ ሆነን በአንድ ድንኳን እንተኛለን። ባለቤቴ ፊርደውስ ከሦስት ዓመቷ ልጃችን ከሀጀራ ጋር ከላላ ቀርታለች። ሆዷ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ሀጀራን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ግማሽ ቀን በቃሬዛ ተሸክመናት ነው ሐኪም ቤት ያደረስናት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ደሙ ትከሻዬ ላይ ሲንጠባጠብ ዳግመኛ በቃሬዛ እንደማላስኬዳት ምያለሁ። ሆስፒታል ያለው መካነ ሰላም ነው። ስለዚህ ቀኗ ሳይደርስ መካነ ሰላም ውስጥ ጣሪያ ማግኘት ነበረብኝ።

አባ አበጋዝን ያገኘኋቸው አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ ነው። ልጃቸው ፈርሂያ ከጅዳ በላከችው ገንዘብ በጓሯቸው አንድ ክፍል ጀምረዋል። እንጨቱ ቆሟል፣ ማገሩ ተመትቷል፣ ቆርቆሮውም ለብሷል። የሚመርግ ሰው ግን ጠፋ፤ የከተማው ጉልበት ሁሉ ወደ መንገዱ ሄዷል።

«ምረገውና ግባበት» አሉኝ። «ዓመት ሙሉ ኪራይ አልጨምርብህም። ወላሂ።»

«እሺ፣ አባ።»

«ስንት ናችሁ?»

«ባለቤቴና አንዲት ልጅ፤ ከኔ ጋር ሦስት።»

ስለ ሆዷ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በአባቱ ዕድሜ ላለ ሰው «ሚስቴ አርግዛለች» ብሎ አይናገርም፤ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴም አፌ የተያዘ ነኝ። «ምስክር ይኑር» ማለት እንኳ አፈርኩ። በሽማግሌ ቃል ላይ ምስክር መጥራት ስድብ መሰለኝ።

አፈሩን የሰጡኝ ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉሐረግ ናቸው፤ ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ ባል የሞተባቸው ሴት። የጤና ሠራተኞቹ ሽንት ቤት ቆፍሩ እያሉ ወጥረዋቸው ከጉድጓዱ የወጣው ቀይ አፈር በራቸው ላይ ተከምሯል። «መውጫ ነስቶኛል፤ ጠራርገህ ውሰድልኝ» አሉ። የጤፍ ጭዱን አማቴ ከከላላ በአህያ ጭነው ላኩልኝ። ውኃውን ከምንጭ በጀሪካን አመላለስኩ። ከሥራ መልስ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ በእግሬ ረግጬ አቦካሁት፤ ሸፍኜም አራት ቀን አከረምኩት። ያልከረመ ጭቃ ይሰነጠቃል።

እትዬ ሙሉሐረግ በአጥሩ ላይ እያዩ ያሾፉብኛል። «አንተ ሁዜይፋ፣ ጭቃ ሲረገጥ ዘፈን አይወጣህም? ዝም ብሎ የቦካ ጭቃ እኮ እንደ ዝምተኛ ባል ነው፤ ውስጡ አይታወቅም!»

እስቅና እረግጣለሁ። አባ አበጋዝም ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ። «እዚች ጋ ጎድሏል። እዚያ ጋ አልለሰለሰም።» የጎደለውን እሞላለሁ፤ ያልለሰለሰውን አለሰልሳለሁ። አንዱን ዙር መርጌ፣ ሁለተኛውን በእበት ለቅልቄ ስጨርስ ወር ሞላኝ። የልጄ እጅ ይዳብሰዋል ብዬ የግድግዳውን ታችኛውን ክፍል ሁለቴ አለሰለስኩት።

ቅዳሜ ቀን ፊርደውስ በአይሱዙ ከነዕቃዋ መጣች። የበልግ ደመና ተሸክሞ ነበር። ሾፌሩ አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ሳጥኑን ካወረደ በኋላ እሷ ሆዷን ደግፋ ወረደች። አባ አበጋዝ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባለቤቴ ናት፣ አባ።»

«ባለቤትህ መሆኗ ገብቶኛል። ሆዷን ነው የምልህ።»

አቀረቀርኩ።

«ልጄ፣ አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም። እኔ አራስ ውጪ ብዬ ከአላህ ጋር አልጣላም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አላስገባም።»

«ዓመት ብለውኝ ነበር።»

«ሦስት ብለኸኝ ነበር! አራተኛውን ሸሽገህ ገባህብኝ። የዋሸኸው አንተ ነህ።»

ጉዳዩ ውስጥ የእውነት ቅንጣት ስለነበረበት፣ ጥፋቴን ፍለጋ ወደ ልቤ ገባሁ። የመለሰኝ የእትዬ ሙሉሐረግ ድምፅ ነው።

«ኧረ በአላህ፣ አባ አበጋዝ! ትናንት የመንገዱን ቀያሽ፣ ያን ሰርቬየር፣ ይዘው ገብተው ግድግዳውን ሲያስዳስሱት አላየሁም? በእጥፍ አከራየሁት ብለው ለሚስትዎ ሲነግሯትስ አልሰማሁም? አሁን አላህን በዚህ ውስጥ ምን አስገባው?»

«አንቺ ሴት፣ ዳቦሽን ጋግሪ።»

«ዳቦዬማ በስሏል። ያረረው የእርስዎ ነገር ነው።»

አባ አበጋዝ ሰርቬየር የለም አላሉም። ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

እጆቼን አየኋቸው። ጭቃው ጥፍሬ ሥር ደርቋል። ከላላ ላይ ፊርደውስን በቃሬዛ የተሸከምኩበት ትከሻ እንደዚያን ጊዜው ከበደኝ። ዶማው ግድግዳው ጥግ፣ ጠዋት ያስደገፍኩት ቦታ ነበር። አነሳሁት። አባ አበጋዝ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ለእሳቸው ያነሳሁት መስሏቸዋል። አልፌያቸው ገብቼ ግድግዳውን መታሁት። ውስጡ ገና እርጥብ ስለነበር እንደ ቆዳ እየተገፈፈ ወደቀ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጭቃዬን ልወስድ ነው።»

«ቤቴን አፈረሰው! ያ ጀመዓ! ሰው የለም?»

«እንጨቱ የአንቱ ነው፤ አንድ እንጨት አልነካም። ቆርቆሮው የፈርሂያ ነው። አፈሩ የእትዬ ሙሉሐረግ ነው። ጭዱ የአማቴ ነው። የረገጠው እግር የእኔ ነው። በዚህ ግድግዳ ላይ የአንቱ የቱ ነው? ያሳዩኝና ልተወው!»

በዕድሜዬ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሰው ተሰበሰበ። አንድ አዛውንት ክንዴን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ በሽማግሌ እንየው።»

«ቃል የሰጡኝም ሽማግሌ ናቸው» አልኩና ክንዴን አስለቀቅኩ።

ሌላ የያዘኝ ሰው አልነበረም። ከቆሙት ግማሾቹ እንደኔ በየበረቱ የተከራዩ ሠራተኞች ናቸው። አንዱ «ጥጉ ጋ ቀርቶሃል» አለኝ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያ የቀረው ጥግ አባ አበጋዝ አልለሰለሰም እያሉ ሦስቴ ያስመረጉኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሉ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ሰርቬየሩ ሻንጣውን አስይዞ ሲመጣ፣ ከማገሩ ባሻገር የቆሙትን አባ አበጋዝን በእንጨቱ መሐል አያቸው። ከዚያ ዶማዬን አየና ሻንጣውን እንዳስያዘ ተመለሰ። ወዲያው ዝናቡ መጣ። ዕቃችን ግን ሜዳ ላይ ነበር።

«ግቡ፣ ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ እትዬ ሙሉሐረግ የሀጀራን እጅ ይዘው። «መጋገሪያ ቤቴ ሙቅ ነው፤ ለአራስ የሚበጃት ሙቀት ነው። አብሽሪ የኔ ልጅ።»

ፊርደውስ አላለቀሰችም። ፍራሹን ከምድጃው አጠገብ ስዘረጋ ቆማ አየችኝና «ይሄን አፍህን የዛሬ ወር ከፍተኸው ቢሆን ጭቃም አታቦካ ነበር» አለችኝ። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ከአባ አበጋዝ እኩል አንገበገበኝ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ምጥ ያዛት። በእግሯ ሄዳ ሆስፒታል ደረሰች። እንደ በፊቱ ደም ፈሰሳት፤ በዚህኛው ግን የሚያቆም ሰው አጠገቧ ነበር። ወንድ ልጅ ወለደች።

ዛሬ ከወለደች ሠላሳ አንድ ቀን ሆናት። እትዬ ሙሉሐረግ እንጀራቸው የሚወጣበትን ቤት ለእኛ ለቅቀው፣ ደጅ ላይ ላስቲክ ወጥረው፣ ጭስና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው ይጋግራሉ። ውጡ አይሉንም። ስለማይሉን ነው መውጣት ያለብን። ደላሎቹ ግን ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ፤ «ቤት ገፋፊው ጎሚስታ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። የአባ አበጋዝ ክፍልም እንደተገፈፈ ቆሟል። ሦስት ሰው ምረጉልኝ ብለው ለምነው፣ ሦስቱም «ቅድሚያ ይክፈሉ» አሏቸው አሉ።

ዛሬ ከሥራ መልስ ገበያው አጠገብ የወይዘሮ ዘይነባን በር አንኳኳሁ። ከፍተው ከላይ እስከ ታች ሲያዩኝ፣ አፋቸውን እስኪከፍቱ አልጠበቅኩም።

«ባለትዳር ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሚስቴ አራስ ናት። የአባ አበጋዝን ግድግዳ የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ የሚጠይቁኝ አለ?»

«ወይ ጉድ! ቁጡ ነህሳ።»

«አዎ።»

ወደ ኋላቸው ዞር አሉ። በጓሯቸው ማገሩ ብቻ የቆመ አንድ ክፍል ይታየኛል።

«መምረጉንስ ትችልበታለህ አሉ?»

«እችልበታለሁ» አልኩና የጻፍኩትን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። ዓመቱ፣ ኪራዩ፣ የእኛ ቁጥር ከነሕፃኑ፣ ሁሉም ተጽፏል። «መጀመሪያ ግን ሁለት ምስክር ይጥሩ። ካልፈረሙበት አንድ ጭብጥ ጭቃ አላነሳም።»

ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ አንገታቸውን ከበሩ አውጥተው ጎረቤታቸውን ተጣሩ።