የወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ

«አንድ አይደለህም፣ ሁለት አይደለህም፣ ሦስት አይደለህም…»

አክስት ሸርሊ ሳሎን የተቀመጡትን ወንዶች ጣቷን ሳትቀስር ቆጠረች። ሰው በቀጥታ ከተቆጠረ ሞት ይሰማል ብላ ነው። «…ዘጠኝ አይደለህም። አለቀ! ያለ አሥር ወንድ ደግሞ ጸሎቱ አይባልም።»

ፍሬዳ አጭሩ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። አባቷ ኸርሽ ታባችኒክ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መስታወቶቹ በአይሁድ የሐዘን ወግ በአንሶላ ተሸፍነዋል። ጎረቤት ያመጣው ቅቅል እንቁላልና ዓሣ የሚልዋኪን ከተማ በሙሉ እስከ ፋሲካ ይቀልባል። የጎደለው ሰው ነው።

«አሥረኛውማ ደጅ ነው» አለች ሸርሊ በመስኮት አጮልቃ። «ይሄ ሞርት! ሦስት ቀን ሙሉ መኪናው ውስጥ። ትንሽ ከቆየ ሥር ያበቅላል።»

ሞርት የኸርሽ ጓጉንቸር ፋብሪካ ፎርማን ነው። ሁለቱ አርባ ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ምሳ በልተዋል፤ አርባ ዓመትም አብረው ዋሽተዋል። «አንድ ድብ የኛን ጓጉንቸር ሊሰብር ሁለት ቀን ታገለ» ይላል ኸርሽ ለገዢ። «በሦስተኛው ቀን በሩን አንኳኩቶ ይቅርታ ጠየቀና ሄደ።» ሞርት ፈገግ እንኳ ሳይል «ድቡን አውቀዋለሁ፤ የጨዋ ልጅ ነው» ይላል።

ታዲያ አምና ኸርሽ አክሲዮኑን በየወሩ መሸጥ ጀመረ። የኩባንያ አለቃ ሲሸጥ ለሕዝብ ይገለጻልና ሠራተኛው ሁሉ አየ። ዘንድሮ በየካቲት ትልቁ ደንበኛቸው ጥሏቸው ሄደ፤ የሠራተኛው ጡረታ የተቀመጠበት አክሲዮንም ተንኮታኮተ። «ቤቱ እንደሚፈርስ አውቆ ቀድሞ ወጣ» ተባለ። ሞርት ምሳውን ይዞ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ኸርሽ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተ።

እውነት ለመናገር ፍሬዳም ጠርጥራው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የአባቷን የጸሎት መጽሐፍ ስትገልጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። አሁን እሱን ይዛ ተነሳች።

«ወዴት ነው? ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም! ደግሞ ያለ ጫማ!»

«ሐዘንተኛ ጫማ አያደርግም ያልሽኝ አንቺው ነሽ፣ አክስቴ።»

የመጋቢትን እርጥብ በረዶ በካልሲዋ ረግጣ ተሻገረች። ሞርት የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገ።

«እግርሽ! አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ?»

«ቀኑን ያንብቡልኝ፣ አጎቴ ሞርት።»

መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱ ለአክሲዮን ደላላ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፦ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም፣ ይህን ያህል ይሸጥ። የተፈረመው ደንበኛው ከመሄዱ አንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት ነበር።

«ያኔማ ደንበኛችን ገና ከእኛ ጋር ውስኪ ይጠጣ ነበር» አለ ሞርት ቀስ ብሎ። «ታዲያ ለምን ሸጠ? ይዞት ቢሞት የትርፉ ግብር አብሮት ይቀበር ነበር። ይሄ ጠፍቶት ነው?»

«የትርፉ ቢቀር የውርሱ ግብር አለ። መንግሥት በዘጠኝ ወር ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አምጡ ይላል። ከሌለን ድርሻችንን ለቺካጎዎቹ ተፎካካሪዎቻችን መሸጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ፋብሪካውን ገዝተው ሊዘጉት ነው የቋመጡት። ሐኪሞቹ ልብህ ደክሟል ያሉት ያን ሰሞን ነው።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ጠበቃው ስለ አክሲዮንህ ትንፍሽ እንዳትል አለው።»

«ኸርሽን? ትንፍሽ እንዳይል?» ሞርት ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «ያን ሁሉ ውሸቱን አምኜ፣ ዝምታውን ሳላምነው ቀረሁ።»

«ድቡ እንኳ በሦስተኛው ቀን ሄዷል» አለች ፍሬዳ። «እርስዎ ግን አልሄዱም።»

ሞርት ሞተሩን አጠፋ።

ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አንኳኳ። «አሥር አይደለህም!» አለች ሸርሊ። ሰዎቹ ወንበር ሲለቁለት አልተቀመጠም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። በሐዘን ቤት ጫማውን የሚያወልቀው የሟች የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። ጫማዎቹን በሩ ሥር ከነበሩት ከኸርሽ ጫማዎች ጎን አስተካክሎ አኖረና በካልሲው ሄዶ ከፍሬዳ አጠገብ ቆመ።